ታላቁ ቤት ፊቱን ያዞረበት ቀን

በካርታ ላይ ፈልጋችሁ የማታገኟት፣ ሆኖም «እኔ ሄጄባታለሁ» የሚል ሰው በየአገሩ የማይጠፋላት፣ ሸንበሪት የምትባል ከተማ ነበረች። ሸንበሪት በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፤ አንደኛው ቲያትር መውደዷ፣ ሁለተኛው ቲያትር አለማየቷ። ይህ እንዴት ይሆናል የሚለኝ ሰው ይታገሠኝ፤ ነገሩን ከመሠረቱ አወጋዋለሁ።

በከተማይቱ መካከል ታላቁ ቤት የሚባል የቲያትር አዳራሽ አለ። ጣሪያው ከወንዝ ማዶ በመጣ የዝግባ ሳንቃ የተሠራ ነው፤ ሳንቃውን የደረደሩት የጥንት አናጺዎች ድምፅ በምን በኩል እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚያርፍ ገብቷቸው የሠሩት ነው ይባላል። መድረኩ በአዳራሹ በአንደኛው ጫፍ ነው። በሌላኛው ጫፍ፣ ከበሩ በላይ፣ የከተማይቱ ገዥ የሚቀመጥበት የክብር ሰገነት አለ። ወንበሮቹ ደግሞ ሁሉም ወደ ሰገነቱ ዞረው፣ ወለሉ ላይ በብሎን ታስረዋል።

ስለዚህ የሸንበሪት ሰው ቲያትር ሲገባ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ገዥው አድርጎ ይቀመጣል። ገዥው ሲስቅ ይስቃል። ገዥው ሲያዝን መሐረብ ያወጣል። ደንቡን ማን እንዳወጣው በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዶች አንድ ጥንታዊ ገዥ ቀልድ ሳይገባው ሰው ስለሳቀ ተቆጥቶ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወንበሮቹን የተከሉት ሠራተኞች ትእዛዙን ገልብጠው ሰምተው ነው፣ ከዚያ ስህተት ነበር ማለት ስላስፈራ ደንብ ሆነ ይላሉ። የሆነው ሆኖ ደንቡ አርጅቶ ተከበረ።

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው፣ ገዥው አቤሴሎም ከሹመቱ ብዙም ሳይቆይ ቲያትር መምጣት ማቆሙ ነው። በእሱ ፋንታ በወርቅ ክር የተጠለፈው ጥላው ይመጣል። መጋቤ ጥላ የሚባል ሹም ጥላውን በሁለት እጁ አክብሮ ደረጃውን ያወጣውና በክብር ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ሕዝቡ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። ከዚያ ጥላውን እያየ ይቀመጣል። ጥላ ደግሞ አይስቅም፣ አያለቅስም። ስለዚህ ሊቀ ጭብጨባ ወንድይራድ የሚባል ሌላ ሹም ከጥላው አጠገብ ቆሞ፣ ነጭ ጨርቅ ሲያነሣ ይጨበጨባል፣ ቀይ ሲያነሣ ጭብጨባው ይቆማል። ወንድይራድ ለሥራው ታማኝ ነበር። መድረኩ ላይ የሚሆነውን ግን ልብ ብሎ ተከታትሎ አያውቅም፤ የእሱ ዓይን ያለው ሕዝቡ ላይ ነው።

ትርንጎ በዚህ ቤት ከኮረዳነቷ እስከ ጉልምስናዋ የተጫወተች ተዋናይት ነበረች። በሸንበሪት ድምፅዋን የማያውቅ የለም፤ ፊቷን የሚያውቅ ግን የለም። ገበያ ስትወጣ ማንም ዘወር ብሎ አያያትም፤ «እስቲ ቃሪያ ስጡኝ» ስትል ግን ተራው ሁሉ ክው ብሎ ይቀራል። እሷም በበኩሏ ሰውን የምትለየው በማጅራቱ ነበር። አንድን ሰው ፊት ለፊት ብታገኘው እንግዳ ይሆንባትና፣ ካለፋት በኋላ ዞራ ስታየው «ውይ፣ እኚህ ሰውዬ ሁልጊዜ በግራ በኩል የሚቀመጡት አይደሉም እንዴ!» ትላለች።

የሚከብዳት ይህ ብቻ አልነበረም። በደንቡ መሠረት ተዋናይ የሚናገረው ሁሉ እስከ ጥላው መድረስ ስላለበት መጮኽ ግዴታ ነው። በታላቁ ቤት ፍቅር በጩኸት ይገለጻል፤ ምሥጢር በጩኸት ይወጣል፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው እንኳን ደም ሥሩ ተገታትሮ ነው የሚናዘዘው። ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ጉሮሮዋን በሞቀ የተልባ ውኃ እያረጠበች፣ «ዛሬስ ማንን አሳዘንኩ? ማንን አሳቅሁ?» ብላ ራሷን ትጠይቃለች። መልስ አታገኝም። ማጅራት አይናገርም።

አንድ ወቅት ቤቱ «ወንዝ የከሰሰች መበለት» የሚል ቲያትር ያሳይ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የአንዲት መበለት በሬ በደራሽ ወንዝ ይወሰድባታል። እሷም ወንዙን ከስሳ ከዳኛ ዳኛ ትንከራተታለች። የሚሰማት ስታጣ በመጨረሻ ራሷ ወደ ወንዙ ትወርድና ታናግረዋለች። መበለቷን የምትጫወተው ትርንጎ ናት።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይይዛታል። እንደምንም እየጮኸች እስከ መጨረሻው ትዕይንት ደረሰች። ወንዙ ዳር ስትንበረከክ ግን ድምፅዋ ጭራሽ ተዘጋ። ዝም ብላ እንዳትወርድ ቲያትሩ አላለቀም፤ እንዳትጮኽ ጉሮሮዋ እምቢ አለ። የቀራትን ትንፋሽ ሰብስባ ሹክ አለች፦

«በሬዬን መልስ አልልህም፤ እንደማትመልስ አውቃለሁ። አንድ ቃል ግን ተናገረኝ። ከወሰድክብኝ ይልቅ የጎዳኝ ዝም ማለትህ ነው።»

ይህን ጊዜ የዝግባው ጣሪያ ሲጠብቀው የኖረውን ነገር አገኘ። ሹክሹክታዋን ተቀብሎ፣ ሳያበላሽ፣ ሳያወፍር፣ በእያንዳንዱ ሰው ጆሮ ሥር አኖረው። ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ማጅራት ተነቃነቀ። እማማ ደብሪቱ የሚባሉ የጥጥ ፈታይ አሮጊት ነበሩ፤ አንድ ሰው በጆሯቸው የሆነ ነገር ያላቸው መስሏቸው ዘወር አሉ። መድረኩን አዩ። ተንበርክካ የምታለቅስ ሴት አዩ። ከዚያ ወዲያ መልሰው መዞር አቃታቸው። ከጎናቸው ያለው ሰው ምን አገኛቸው ብሎ ዞረ፤ ከኋላው ያለውም እንዲሁ። ወንድይራድ ቀዩን ጨርቅ ቢያነሣ፣ ነጩን ቢያነሣ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ቢያውለበልብ የሚያየው ጠፋ።

በማግስቱ ትርንጎና እማማ ደብሪቱ ሸንጎ ፊት ቀረቡ።

«የሰውን አንገት አስዙረሻል» አላት ወንድይራድ ከሸንጎው ወንበር ብድግ ብሎ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ጉንፋን እንዲይዝሽ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«ያለ ፈቃድ ታመምሽ ማለት ነው። ይጻፍ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከልቡ ወቀሳት፤ «ስሚ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ስትጮኺ ሰው ለጥላው ነው ብሎ አርፎ ይቀመጣል። ሹክ ስትዪ ግን እያንዳንዱ ለኔ ነው ይላል። ሁሉም ለኔ ነው ካለ ከተማ እንዴት ይተዳደራል?»

ነገሩ በትርንጎ ልብ ቀረ። ለኔ ነው ብለው ነው የዞሩት!

ወደ እማማ ደብሪቱም ዞረና «እርስዎስ? በዚህ ዕድሜዎ ምን ነካዎት?» አላቸው።

«አንገቴ ነዋ፣ ልጄ፤ ሊዞር ነው የተፈጠረ» አሉት።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። እማማ ደብሪቱ አንገታቸው በነጭ ሻሽ ተጠፍሮ እስከሚቀጥለው በዓል እንዲቆይ፣ ትርንጎ ደግሞ በታላቁ ቤት መድረክ እንዳትወጣ፣ ካሻት በሌሎቹ ቤቶች እንድትጫወት። እማማ ደብሪቱ ሻሹን እንደ ጌጥ አሰሩት፤ ብዙ ሳይቆይ የጥጥ ተራ ሴቶች ሁሉ አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ መጠምጠም ጀመሩ።

ትርንጎ በመጀመሪያ የሄደችው ወደ አዲሱ ሁለገብ አዳራሽ ነው። ይህ ቤት ግድግዳው መስተዋት፣ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ወንበሩ ለስላሳ ነው። እውነቱን ለመናገር መልካም ነገርም ነበረው፤ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ያለ ደረጃ የሚገቡበት መንገድ አለው፣ መብራቱ ያማረ ነው፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤቱ ውኃ አለው። ትርንጎ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መስተዋት ባለበት ክፍል ተቀምጣ ተኳለች። ችግሩ መሐንዲሱ ለስብሰባም፣ ለሠርግም፣ ለዐውደ ርዕይም፣ ለቲያትርም ይሁን ብሎ ሲሠራው መድረኩ ላይ መግቢያ በር መርሳቱ ነው። ተዋናይ ሁሉ የሚገባውም የሚወጣውም በተመልካቹ መሃል «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» እያለ ነው። አንድ ቃል ስትናገር መስተዋቱ መልሶ ይወረውረዋል። «በሬዬ» ስትል «ሬዬ… ሬዬ… ዬ…» ይላል።

መበለቷ ሦስተኛው ዳኛ ፊት ቆማ ስትከራከር፣ የአዳራሹ ኃላፊ በመተላለፊያው መጥቶ ወደ መድረኩ ጎንበስ አለና «እህቴ፣ ሙሽሮቹ ደርሰዋል፤ ቶሎ ፍረዱላትና ልቀቁልን» አላት። ሊጠናቀቅ የቀረው ክርክር በእልልታና በመኪና ጥሩንባ ተዋጠ። ሙሽራዋ እንኳን አዝና «ወንዙ ምን አለ ታዲያ?» ብላ ጠየቀቻት። ትርንጎ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ሙዚቃው ተለቀቀ።

ቀጥሎ የሄደችው ወደ ጨው ቤት ነው። ጨው ቤት የድሮ የጨው መጋዘን ሲሆን፣ ጋሽ አሰጋኸኝ የሚባሉ አንድ ዓይናቸው የደከመ፣ ቀልደኛ፣ ነገር ግን ቂመኛ የሆኑ አዘጋጅ የሚመሩት ድኩም ቤት ነው። በመሃሉ ወፋፍራም ምሰሶዎች ስላሉ እያንዳንዱ ተመልካች የሚያየው የመድረኩን ግማሽ ነው፤ በግራ የተቀመጠው ገዳዩን፣ በቀኝ የተቀመጠው ሟቹን ያይና ሲወጡ መንገድ ላይ ይተራረካሉ። ተዋንያኑ ልብስ የሚቀይሩት ጎረቤት ካለው አናጺ ቤት ስለሆነ ንጉሥ ሆኖ የሚገባው ሰው ጢሙ ላይ የመጋዝ ብናኝ አይጠፋም። ወንበር የለም፤ አግዳሚ ነው። አግዳሚዎቹ ግን ወደ መድረኩ ዞረዋል።

ትርንጎ ይህን ቀድማ ሰምታለች። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ሆነባት። ልክ መድረኩ ላይ እንደወጣች ፊት አየች። በየምሰሶው መሃል፣ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው፣ ዓይን ያላቸው፣ ቅንድብ ያላቸው፣ አፋቸውን የከፈቱ ሰዎች። ስታዝን የሚያዝን ፊት ነበር። ዳኛውን ስትሰድብ ጥርሱን የሚያሳይ ነበር። አንዱ ደግሞ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር፤ ትርንጎ እሱንም ወደደችው። ቃሏ ከአፏ ጠፋ። ቆማ ታያቸው ጀመር።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሽ አሰጋኸኝ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ያዩኛል እኮ፣ ጋሼ!»

«ታዲያ ለምን የመጡ መሰለሽ?»

ተመልካቹ ሰምቶ ሳቀ። እሷም ከነሱ ጋር ሳቀች፤ ቀጠለች። የዚያን ዕለት ተጫወተች ብሎ መናገር ያንሳል። የምትለው ነገር የት እንደሚያርፍ እያየች ተናገረች፤ ሲያመልጣቸው መለሰችው፤ ሲቸኩሉ አዘገመች። ጨው ቤት ዕለት ዕለት እየሞላ ሄደ። የነጭ ሻሽ ሴቶች የፊተኛውን አግዳሚ ያዙ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የጨው ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ተዋናይ ቢጮኽም ቢያንሾካሹክም አንድ ነው፤ የሚሰማ ነገር የለም። ትርንጎ እጇን እንደዘረጋች፣ ተመልካቹም እንደተቀመጠ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠባበቃሉ። ውኃው በምሰሶው ሥር እየሰረገ ሲመጣ እግራቸውን አግዳሚ ላይ ይሰበስባሉ። አንዳንዴ ያባራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳያባራ ይመሻል፤ መበለቷም ወንዙን ሳታናግር ትቀራለች።

ክረምቱ ሳይወጣ ከሸንጎው አዋጅ ወጣ። በታላቁ ቤት ጭብጨባ እየቀዘቀዘ ስለመጣ፣ ሕዝቡም ወደ ጨው ቤት ስለሚሾልክ፣ ጥፋተኛው አሮጌው ቤት መሆኑ በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ዝግባው ተነቅሎ፣ ቤቱ ፈርሶ፣ በቦታው ሁለተኛ ሁለገብ አዳራሽ እንዲሠራ ተወሰነ።

ጋሽ አሰጋኸኝ አዋጁን ሲሰሙ እጃቸውን አፋተጉ። «እሰይ! ይፍረስ! ዕድሜ ልካቸውን ለጥላ ሲሰግዱ የኖሩበት ቤት።»

ትርንጎ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጣሪያው ምን አጠፋ፣ ጋሼ?»

«ምን አጠፋ ትያለሽ? አንቺን አላባረረም?»

«ያባረረኝ ሸንጎው ነው። ጣሪያው ድምፄን ተሸክሞ እስከ በሩ ያደረሰልኝ ነው። እናንተ ጋ ፊት አለ፣ ጆሮ የለም። እነሱ ጋ ጆሮ አለ፣ ፊት የለም። እና አንዱ ስላስቀየመኝ ላፍርሰው?»

ጋሽ አሰጋኸኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «በወጣትነቴ እዚያ ቤት ልቀጠር ሄጄ፣ ድምፅህ ቀጭን ነው ብለው መልሰውኛል» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ባለፍኩ ቁጥር እረግመዋለሁ።»

«አንድ ቀን ገብተው ከመድረኩ ላይ ሹክ ይበሉበት። ከዚያ በኋላ ይርገሙት።»

ትርንጎ ሸንጎ ፊት ሄዳ አንድ ነገር ለመነች፤ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት እሷም የምትጫወትበት መሰናበቻ ቲያትር ይታይበት አለች። ሸንጎው ተወያየ። መሰናበቻ ማድረግን የሚከለክል ደንብ ፈልገው አጡ፤ የእሷም እገዳ ከቤቱ ጋር አብሮ ሊያልቅ ስለሆነ፣ ጥላው በክብር እስከተገኘ ድረስ ይሁን አሉ። ወንድይራድ ብቻ አስጠነቀቃት፤ «ጉንፋን የለም፣ ወይዘሮ ትርንጎ!»

«ደኅና ነኝ፣ ጌታዬ» አለች። እውነቷን ነበር፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሰሞን ጠርቶ አያውቅም።

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። ታላቁን ቤት የሚወዱ ለማልቀስ፣ የሚጠሉት ለመሳቅ፣ የጨው ቤት ሰዎች ትርንጎን ለማየት። ሁሉም እንደ ደንቡ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ተቀመጡ። ጥላው በክብር ገባ። ትርንጎ ከመጋረጃው ሥር አጮልቃ ያን የማጅራት ባሕር አየችው። ከጎኗ ዳኛ ሆነው የሚጫወቱት ጋሽ አሰጋኸኝ ቆመዋል። ለብቻቸው ጣሪያውን እያዩ በለሆሳስ «እንዴት ዋልክ» አሉት። ሰላምታቸው እስከ ሰገነቱ ሲደርስ ሰሙት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ቲያትሩ ተጀመረ። መሃል ላይ ትርንጎ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ከሰገነቱ ላይ ትርምስ አየች። አንድ ተራ ጋቢ የለበሰ ሰው በደረጃው ወጥቶ ከመጋቤ ጥላ ጋር ይነጋገራል። ነገሩን ኋላ ነው የሰማችው። ሰውዬው ገዥው አቤሴሎም ነበር። ቤቱ ሊፈርስ ነው ቢሉት፣ በልጅነቱ አባቱ ይዘውት የመጡበት ቤት ስለሆነ አንድ ጊዜ ልየው ብሎ፣ ለማንም ሳይነግር፣ በእግሩ መጥቷል።

መጋቤ ጥላ ላቡ በግንባሩ ወረደ። «ጌታዬ፣ ወንበሩ ተይዟል።»

«በማን?»

«በእርስዎ።»

ገዥው የተጠለፈውን ጥላውን አየ። መጋቤ ጥላ ጥላውን ላንሣው ቢል የገዥውን ክብር መድፈር ነው፤ ገዥውን ላቁም ቢል እሱም መድፈር ነው። አቤሴሎም «ግድ የለም» ብሎ ከሰገነቱ ምሰሶ ጥግ ቆመ። ወንድይራድ ጨርቆቹን ይዞ ስለነበር፣ ሕዝቡም ጥላውን ስለሚያይ፣ ገዥው መምጣቱን ልብ ያለ አልነበረም።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ትርንጎ ወንዙ ዳር ተንበረከከች። ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው፤ ብትፈልግ ሰገነቱን ማንቀጥቀጥ ትችላለች። ሹክ አለች።

«አንተ ወንዝ…»

እማማ ደብሪቱ ወዲያው ዞሩ። ነጭ ሻሽ ያሰሩት ሴቶች ተከተሏቸው። ግን ወንበሩ በብሎን ታስሯል፤ አንገታቸው እስከ መጣመም ደረሰ። እማማ ደብሪቱ ከመቀመጫቸው ተነሡና ወንበሩን ያዙ። አልነቃነቅ አላቸው። ወንበሮቹ በየረድፉ አንድ ላይ የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ሊያዞረው አይችልም።

«ተነሡ እንጂ! ምን ትገተራላችሁ? አብረን እናንሣው!» አሉ።

ረድፉ ሁሉ ተነሣ። ሐኪሙም፣ ሸማኔውም፣ ሙሽራ ሆና በሁለገብ አዳራሽ ትርንጎን የጠየቀቻት ወጣትም። የዛገው ብሎን ሲጢጥ አለና ከሳንቃው ተነቀለ። ረድፉን አንሥተው አዞሩት። ቀጥሎ ያለው ረድፍ አየና ተነሣ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ጓጓታ ሆነ፤ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ሰው «ቀስ፣ ቀስ፣ እግሬን!» ይላል፣ ሳቅ አለ፣ ፍርሃትም አለ። ትርንጎ እንደተንበረከከች ትጠብቃለች። ይህ ነገር ወይ የሕይወቷ ትልቁ ቀን ነው፣ ወይ ወደ እስር ቤት የምትሄድበት ነው።

ጓጓታው ቆመ። ቀና አለች። የታላቁ ቤት ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ያያታል። ከነዚህ ሰዎች ጋር ከወጣትነቷ ጀምሮ ኖራለች፤ አሁን ገና ተገናኙ።

ወንድይራድ ቀዩን ጨርቅ ከፍ አድርጎ «ይህ አመፅ ነው! ዘበኛ! ጥላው እያየ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ከጥጉ አንድ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ ለማንም ሳይሆን ለወንድይራድ ብቻ ተብሎ ሲነገር፣ ጣሪያው ተቀብሎ ለቤቱ ሁሉ አደለው፦

«ዝም በል፣ ወንድይራድ። ወንዙ ሊመልስላት ነው።»

ሰው ድምፁን አወቀው። ማንም ግን ወደ ኋላ አልዞረም። አቤሴሎም ጥላውን ከወንበሩ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

ትርንጎ ቀጠለች። «በሬዬን መልስ አልልህም…» እያንዳንዱ ቃል በጣሪያው ሄዶ፣ ሰው ፊት ላይ አርፎ፣ ወደ እሷ ሲመለስ አየችው። ጨርሳ ተነሣች። ነጭ ጨርቅ የሚያነሣ የለም። መቼ እንደሚጨበጨብ የሚያውቅም የለም። ከዚያ አንድ ሰው ጀመረ፤ ከየት እንደሆነ አልታወቀም። ቀጠሉ። ተነሡ። ጭብጨባው አንዴ ወፈረ፣ አንዴ ሳሳ፣ የሚያፏጭም የሚያለቅስም ነበረበት፤ ሥርዓት የሚባል አልነበረውም። ወንድይራድ ቀዩን ጨርቅ ይዞ ብዙ ቆመ። ኋላ ክንዱ ዛለና አወረደው።

ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ገዥው ወደ መድረኩ መጣ። ትርንጎ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ይፈቀድልኝና ልጠይቅዎ። ለምን ቀሩብን?»

አቤሴሎም ትንሽ አፈረ። «እናቴ ትሙት፣ ቲያትር እወዳለሁ። ግን ያ ሁሉ ሰው አፌን እያየ እንዴት ብዬ ልመልከት? ሳሳልም ሳቁ። አፍንጫዬን ስነካ አለቀሱ። አንድ ቀን አዛጋሁና የቲያትሩን ጸሐፊ ከሥራ አባረሩት። ከዚያ ወዲህ ጥላውን ላክሁላቸው።»

«ታዲያ ወንበሩን አዙሩ አይሉም ነበር?»

«እነሱ የፈለጉት መስሎኝ።»

«እኛ ደግሞ እርስዎ የፈለጉት መስሎን» አለች ትርንጎ። እማማ ደብሪቱ ከጎን ሆነው «ኧረ የናንተስ ጉድ ነው!» ብለው ሳቁ፤ ገዥውም ሳቀ፤ ማንም ተከትሎት እንዲስቅ አልታዘዘም፤ ግን ሳቁ።

አዋጁ ተሻረ፤ ቤቱ አልፈረሰም። የተነቀሉት ብሎኖች ጉድጓድ እስካሁን ወለሉ ላይ አለ፤ ሰው ተረከዙ እየገባበት ያማርራል። ጨው ቤት ከቆርቆሮው ሥር የሣር ክዳን ተደረገለትና የዝናቡ ድምፅ ጋብ አለለት፤ ምሰሶዎቹ ግን እዚያው ናቸው፣ ቤቱን ተሸክመው ስለቆሙ የሚነካቸው የለም። ሁለገብ አዳራሽም በመድረኩ በኩል በር ተከፈተለት፤ ሙሽሮች አሁንም ቅድሚያ አላቸው። ጋሽ አሰጋኸኝ በሁለቱ ቤቶች መካከል እየተመላለሱ እርጅናቸውን ረሱት። ወንድይራድ ሥራ ፈትቶ ጥቂት ሰሞን ቤቱ ዋለ፤ ኋላ ጨነቀውና መጥቶ እንደ ሰው ተቀመጠ። ቲያትር በእርግጥ ምን እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነው። አሳዛኙን ቲያትር ይወዳል ይባላል።

መስከረም ላይ ትርንጎ አዲስ ኮሜዲ ይዛ ቀረበች። ራሷ የጻፈችው ነው። የመጀመሪያውን ቀልድ ተናገረች፤ ማንም አልሳቀም። ሁለተኛውን ተናገረች፤ አንዱ ሳለ። እማማ ደብሪቱ ከፊተኛው ረድፍ፣ በዚያ ጆሮ ባለው ቤት፣ ለጎረቤታቸው «ይሄስ ምኑ ያስቃል?» ሲሉ እስከ ሰገነቱ ተሰማ። ሰው በመሃል እየተነሣ ወጣ። ጋሽ አሰጋኸኝ ከመጋረጃው ጀርባ ጸጉራቸውን ያዙ፤ «አለቀልን!»

ትርንጎ ግን ያልሳቁትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች። የተሰላቹ፣ የተከፉ፣ ሐቀኛ ፊቶች ነበሩ። እሷንም ሳቅ ያዛት፤ ልታቆመውም አልቻለችም።

«ምን ያስቅሻል አንቺ? አልወደዱትም እኮ!» አሏት ጋሽ አሰጋኸኝ።

«አይደል!» አለች፤ ፊቷ በራ። «አልወደዱትም፣ ጋሼ! ነገ አሻሽለን እንመለሳለን።»